ቢጫው መጽሐፍና የተደበቀው ሕመም

ባለፉት ጥቂት ቀናት ተቅማጥ ወይም ትውከት ነበረብዎት? ቅጹ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ማያሚ ወደብ ላይ፣ ክሩዝ በሚሉት የመዝናኛ መርከብ ልንሳፈር፣ ሻንጣችንን አስረክበን ዘጠኝ ሆነን ተሰልፈናል። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ዕድሜዋ ሰባ አንድ፤ እንግሊዝኛ ስለማታነብ ቅጿን የምሞላላት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሆቴል ውስጥ ሆዷን አሟት ሁለት ጊዜ ተነስታለች። ወንድሜ ከኋላዬ ሆኖ ቅጹን አየና ዝም አለ። ለዘጠኝ ሰው የከፈልነው ገንዘብ የማይመለስ ነበር። «የለም» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ።

እናቴ በማግስቱ ድና ዋለች፤ በእሷ ሰበብ ሰው ታመመ ሲባልም አልሰማንም። ነገር ግን ያንን ምልክት ያደረግኩት ሳላውቅ አይደለም። ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ስለ ተጓዦች ጤና የተጻፈውን ዋና መጽሐፍ አንብቤ፣ ቤተሰቡን ሁሉ «እጃችሁን በሳሙና» እያልኩ ያሰለቸሁት እኔው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ተመልሼ አንብቤዋለሁ። ይዤው የተመለስኩት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ያህል ትክክለኛ ነገር አንብቤ ሳለሁ ለምን ዋሸሁ?

መጽሐፉ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) የሚያዘጋጀው የዓለም አቀፍ ተጓዦች የጤና መመሪያ ነው። ሐኪሞች በሽፋኑ ቀለም «የሎው ቡክ» ይሉታል፤ እኔም ቢጫው መጽሐፍ ልበለው። በ1967 በቀጭን ጥራዝ ተጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ዛሬ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የሚታተም ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ሆኗል። ይዘቱ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል፤ ይህ በራሱ ትልቅ ውለታ ነው። እኔ የያዝኩት በጄፍሪ ኔምሃውዘር አርታኢነት የወጣውን የ2024 እትም ሲሆን፣ የምመዝነውም ስለ ክሩዝ መርከብ ጉዞ የተጻፈውን ምዕራፍ ብቻ ነው። ቢጫው መጽሐፍና ቢጫ ካርዳችን ግን እንዳይምታቱ። ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ከፓስፖርታችን ጋር አጣጥፈን የምንይዘው የክትባት ምስክር ወረቀት ነው። ወደ እሱም እመጣለሁ።

ምዕራፉ ከሁሉም የሚበረታው ስለ ሆድ ሕመም ሲናገር ነው። በክሩዝ መርከቦች ላይ መንስኤያቸው ከታወቀላቸው የሆድ ወረርሽኞች ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በኖሮቫይረስ የመጡ ናቸው። ይህ ቫይረስ ሰውን ለመጣል ብዙ አያስፈልገውም፤ ለዓይን የማይታዩ ጥቂት ቅንጣቶች ይበቁታል። በበር እጀታ፣ በደረጃ መደገፊያ፣ በጋራ ማንኪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከገባ በኋላ ብዙ ጊዜ በ12 እና በ48 ሰዓት መካከል ይነሳል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን አሠቃይቶ ይለቃል። ለጎልማሳ ሰው ጥቂት ክፉ ቀናት መሆኑ ነው፤ ለሕፃንና ለአዛውንት ግን የሰውነትን ውሃ አሟጥጦ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ምዕራፉ አንባቢው እንዲይዝለት የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፤ አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ሳሙናንና ውሃን አይተካም። የቫይረሱ ቅርፊት ለአልኮል በቀላሉ አይበገርምና።

ይህን በመርከቡ ላይ በዓይኔ አየሁት። በምግብ አዳራሹ በር ላይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ጠርሙስ ይዛ ቆማ በሚገባው ሰው መዳፍ ላይ ማጽጃ ትረጫለች። እናቴ ሁለት እጆቿን አጣምራ ዘረጋችላት፤ ከዚያም ቀና ብላ ግራና ቀኝ ትመለከት ጀመር። ሳፋው የት እንዳለ እየፈለገች ነበር። አያቴ ቤት ከማዕድ በፊት ትንሿ ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ትዞራለች፤ ፎጣው በክንዷ ላይ ነው፤ እንግዳው ሳይታጠብ እንጀራው አይከፈትም። ከአንድ ትሪ በእጅ ለሚበላ፣ አንዱ ለሌላው ለሚያጎርስ ሕዝብ ይህ ወግ ብቻ አልነበረም። እናቴ በዚያ በር ላይ ያጣችው ነገር ምዕራፉ የሚለምነው ነገር ነው። «ውሃው የታለ?» አለችኝ። ከአዳራሹ ጎን መታጠቢያ ነበር፤ ወሰድኳት፤ ስንመለስ ግን ያቺ ወጣት እንደገና ረጨችብን፤ ከኋላችን የመጣው ሁሉ ደግሞ በዚያች ጠብታ ብቻ ገብቶ ማንኪያዎቹን ይዞ ነበር።

ምዕራፉ ከዚህ ጀርባ ያለውን የቁጥጥር ሥራም ያስረዳል፤ በችኮላ ቢሆንም። ማዕከሉ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመርከቦችን ንጽሕና የሚመረምር ፕሮግራም አለው። 13 ወይም ከዚያ በላይ መንገደኞች የሚጭኑ፣ ከውጭ አገር ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ የሚመጡ መርከቦች ሳይነገራቸው ይፈተሻሉ፤ ከ100 ነጥብ 86 ያላገኘ ወድቋል። ከመንገደኞቹ ወይም ከሠራተኞቹ 3 በመቶው የሆድ ሕመም ምልክት ካሳየ ወረርሽኙ ለሕዝብ ይገለጻል። ለመርከቦቹ አንድ ነገር ልመስክርላቸው፤ ስማቸው በኖሮቫይረስ የተነሳው ታማሚዎችን ስለሚቆጥሩ ጭምር ነው። ማዕከሉ ራሱ እንደሚለው ከሚመዘገቡት የኖሮቫይረስ ወረርሽኞች በመርከብ ላይ የሚከሰቱት 1 በመቶ ብቻ ናቸው፤ የሚበዙት በአዛውንቶች መጦሪያና በመሳሰሉት ቤቶች ነው። የሚያሳዝነው፣ ይህ በኩባንያዎቹ ክፍያ የሚተዳደር ፕሮግራም በሚያዝያ 2025 በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ቅነሳ የሙሉ ጊዜ ሲቪል ሠራተኞቹን እንዳጣ ተዘግቧል። መጽሐፉ ፕሮግራሙን እንደ ቋሚ ምሰሶ ቆጥሮታል፤ ምሰሶው ሲነካ ምን እንደሚሆን ግን ከገጹ ላይ አታገኙትም።

ስለ ሙቅ ውሃ ገንዳዎቹ የተጻፈውም መነበብ አለበት። በ1994 «ሆራይዝን» በተባለች መርከብ ላይ ገንዳው ያመጣው የሊጅኔር የሳንባ በሽታ በተከታታይ ጉዞዎች 50 ሰው ማሳመሙ ተመዝግቧል። በእንፋሎቱ ውስጥ ተቀምጦ መተንፈስ ብቻ ይበቃል። እናቴን ከገንዳው ያራቅኳት በዚህ ምክንያት ነበር።

ክትባት ላይ ስንደርስ ምዕራፉ ይደክማል። የሚለው ሁሉ ትክክል ነው፤ መደበኛ ክትባቶችን አሟሉ፣ የኢንፍሉዌንዛውን በየዓመቱ ውሰዱ፣ የምትሄዱባቸውን ወደቦች አይታችሁ የሚያስፈልገውን ጨምሩ፣ ከሐኪም ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ድካሙ የሚያናግረው ሰው ላይ ነው። ይህ ሰው አሜሪካ ተወልዶ፣ የክትባት መዝገቡ በሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦለት፣ ከቤቱ በቀጥታ ወደ ወደብ የሚሄድ ነው። እናቴ በዚህ ገጽ ላይ የለችም፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአትላንታ፣ ከዳላስ ወላጆቻቸውን ይዘው የሚሳፈሩ ብዙ ቤተሰቦቻችንም የሉም።

ቢጫ ወባን እንውሰድ። ኢትዮጵያ የበሽታው ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ለዚህም መራራ ታሪክ አላት። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞ አካባቢ የተነሳው ወረርሽኝ 100,000 ሰው ገደማ አሳምሞ 30,000 ሰው ገደማ እንደገደለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው ነው። በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ዞን እንደገና ታይቷል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ መጥቶ በቀናት ውስጥ የሚሳፈር ሰው፣ መርከቡ የሚቆምበት የካሪቢያን ደሴት የክትባት ምስክር ወረቀት ሊጠይቀው ይችላል፤ ደሴቱ ራሱ ቢጫ ወባ ባይኖርበትም። የሚፈራው በሽታው ከሰውየው ጋር እንዳይገባበት ነው። በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ በሽታው ከያዘ እስኪታይ የሚቆጠረው ጊዜ 6 ቀን በመሆኑ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ሜሪላንድ የቆየችው እናቴ ከዚህ ወጥታለች። እኔ ግን ይህን ከክሩዙ ምዕራፍ አላገኘሁትም፤ የመጽሐፉን ሌላ ክፍል አገላብጬ፣ ሁለት ምሽት ፈጅቶብኝ ነው።

ነገሩ ለአዛውንት የሚከብድበት ሌላ ምክንያትም አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ያለበት ነው፤ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱት ሰዎች ላይ አልፎ አልፎ የውስጥ አካልን የሚጎዳ ከባድ ሕመም ያስከትላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሐኪም መርምሮ የማይከተብበትን ምክንያት የሚገልጽ ደብዳቤ ሊጽፍለት ይችላል። ቀድሞ ለተከተበ ደግሞ መልካም ዜና አለ፤ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ አንዱ ክትባት ለዕድሜ ልክ ይቆጠራል፤ አሥር ዓመት አለፈው ተብሎ አሮጌ ካርድ አይጣልም። የእናቴ ካርድ ጠርዙ ተበልቷል፤ ማኅተሙ ግን ይነበባል። አዲስ የሚከተብ ሰው ካርዱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ መሆኑን ማወቅ አለበት። ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ሰብስቦ «ከሌላ አገር በቅርቡ የመጣ ዘመድ ይዘው የሚሳፈሩ ከሆነ» ብሎ መጻፍ ለአዘጋጆቹ ምን ያህል ይከብዳቸው ነበር?

ስለ ኩፍኝና ስለ ጉድፍ የተጻፈው ክፍል ሌላ ነገር አሳየኝ። በ2019 «ፍሪዊንድስ» የተባለችው የሳይንቶሎጂ ቤተ ክርስቲያን መርከብ በአንዲት ሠራተኛ ኩፍኝ ምክንያት ሴንት ሉሺያ ላይ ሰው እንዳታወርድ ተከልክላ ወደ ኩራሳው ተመልሳለች። ምዕራፉ በክትባት ሊገቱ የሚችሉ በሽታዎች በመርከብ ላይ የሚነሱት በአብዛኛው በሠራተኞች መካከል መሆኑን ይነግረናል፤ ክትባት ካልተዳረሰባቸው አገሮች የሚመጡ ስለሆኑ ነው ይላል። ሐቅ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ጉድፍ በሞቃት አገሮች ዘግይቶ የሚይዝ በሽታ ነው። አውሮፓ ውስጥ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ሲታመምበት፣ በሐሩር አካባቢ ብዙ ሰው ሳይያዝ ያድጋል፤ የጉድፍ ክትባት ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች በመደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብር ውስጥ የለም። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ፊሊፒናዊ ወይም ኢንዶኔዥያዊ አስተናጋጅ ጉድፍ ሲይዘው ጥፋቱ የእሱም የአገሩም አይደለም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ሳያስከትብ ከሦስት ሰው ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል ያስተኛው ቀጣሪ ነው። መጽሐፉ ሠራተኛውን በሽታ ይዞ እንደሚመጣ ሰው ያየዋል፤ ከመንገደኛ በሽታ እንደሚቀበል ሰው ግን አያየውም።

የክትባት ግዴታ በሕግ ምን ያህል እንደሚያወዛግብ የኮቪድ ዘመን አሳይቶናል። ማዕከሉ በመጋቢት 2020 መርከቦቹን አስቆመ፤ በጥቅምት በቅድመ ሁኔታ እንዲመለሱ ፈቀደ፤ በኋላም ከሠራተኞቹ 98 በመቶ፣ ከመንገደኞቹ 95 በመቶ የተከተቡለት መርከብ የሙከራ ጉዞ ሳያደርግ እንዲነሳ አደረገ። ፍሎሪዳ በበኩሏ የንግድ ድርጅቶች የክትባት ማስረጃ እንዳይጠይቁ የሚከለክል ሕግ አወጣች። የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ኩባንያ ግዛቲቱን ከስሶ በነሐሴ 2021 እግድ አገኘ፤ ከዓመት በኋላ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሻረው። የማዕከሉ የኮቪድ ፕሮግራም በሐምሌ 2022 አብቅቶ ውሳኔው ለኩባንያዎቹ ቀረ። እንዲህ ሲቀያየር በታየ ነገር ላይ የታተመ መጽሐፍ አንባቢውን በየጊዜው ወደ ኩባንያው ድረ ገጽ ቢልከው አልፈርድበትም።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በየካቲት 2020 «ዳይመንድ ፕሪንሰስ» ዮኮሃማ ላይ ተዘግታ ስትቆም በውስጧ 3,711 ሰው ነበር፤ በመጨረሻ ከ700 በላይ ተያዙ። መንገደኞች በክፍላቸው ተዘግተው ሲቀመጡ ሠራተኞቹ ምግብ እያበሰሉ በየበሩ ያደርሱ ነበር። ማዕከሉ ራሱ በሳምንታዊ ሪፖርቱ ባወጣው ጥናት መሠረት በመጀመሪያ ከተረጋገጠባቸው 20 ሠራተኞች 15ቱ የምግብ አገልግሎት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ 16ቱ የሚያድሩት በአንድ ፎቅ ላይ ነበር። አብረው የሚበሉና አብረው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። በመርከብ ላይ የመጨረሻው የጤና መከላከያ የአስተናጋጁ «አሞኛል» የሚል ቃል ነው። የማዕከሉ የንጽሕና መመሪያ በሆድ ሕመም የተያዘ የምግብ ሠራተኛ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ተለይቶ እንዲቆይ ያዛል። ዓለም አቀፉ የባሕረኞች የሥራ ስምምነትም የታመመ ባሕረኛ ደመወዙ እንዳይቋረጥ ይደነግጋል። ነገር ግን ከገቢው ብዙው ከመንገደኛ የሚሰበሰብ ጉርሻ ለሆነበት አስተናጋጅ፣ ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ ያለፈ ሁለት ቀን ገንዘብ ነው። ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ሆዱን ሲያመው ምን ይላል? እኔ ወደቡ ላይ ያልኩትን ነዋ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው ያሳደጉን ሰዎች ስለ አንድ ሰው ሕመም ነበር የሚያወሩት። በመርከብ ላይ የሚደበቅ በሽታ ሦስት ሺህ ሰው መካከል ነው የሚደበቀው። ምዕራፉ ይህንን የሚያውቅ አይመስልም። የታመመ ሰው ጉዞውን እንዲያዘገይ፣ ከተሳፈረም ወዲያው ለመርከቡ ክሊኒክ እንዲናገርና ከክፍሉ እንዳይወጣ ይመክራል። ለምን እንደማይናገር ግን አይጠይቅም። የማይመለስ ቲኬት፣ በክሊኒኩ የሚቆልለው ሂሳብ፣ ከመርከቡ በሄሊኮፕተር መወሰድ የሚያስወጣው ብር፣ እነዚህ ሁሉ ከበሽታው ሥርጭት ውጭ የሆኑ ነገሮች ተደርገዋል። ምዕራፉ ስለ ሕክምናና ስለ ማመላለሻ መድን ያነሳል፤ ይህን አመሰግናለሁ። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ያላቸው አዛውንቶቻችን ደግሞ መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ሲርቅ ክሊኒኩ የሚያስከፍላቸውን ሜዲኬር እንደማይሸፍንላቸው ብዙዎቹ አያውቁም። ሆኖም ምዕራፉ መድኑን እንደ ኪስ ጉዳይ ብቻ ነው ያየው። እኔ በዚያ ሰልፍ ላይ የሚሰርዝልኝ መድን በእጄ ቢኖር «አዎ» በሚለው ላይ ምልክት አደርግ ነበር። ያ መድን ለኖሮቫይረስ ከሳሙና ባልተናነሰ መከላከያ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬም መጽሐፉን ከመደርደሪያዬ አላወርደውም። መድኃኒት በመጀመሪያ ማሸጊያው እንዲያዝ፣ የልብ ሕመምተኛ የቅርብ ጊዜ የኢ.ሲ.ጂ. ውጤቱን ይዞ እንዲሳፈር፣ ነፍሰ ጡር ሴት ብዙዎቹ ኩባንያዎች ከ24ኛው ሳምንት በኋላ እንደማያሳፍሯት አውቃ እንድትነሳ የሚመክረው ክፍል ብቻውን የብዙ ቤተሰብን ጭንቀት ያቃልላል። የጻፉት ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። የጎደላቸው፣ ሙሉው ቤተሰብ ተሰልፎ ቅጹን በእጁ የያዘውን ሰው ማየት ነው።

በዚህ ዓመት አክስቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ዕድሜዋ 66 ነው፤ ልጆቿ በክሩዝ ሊወስዷት ቆርጠዋል። ቅጹን የምሞላው አሁንም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ክፍያ እንደተከፈለ፣ በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ የሚያስችለውን መድን እንዲገዙላት አደረግኩ፤ ሙሉውን ባይሆንም አብዛኛውን ይመልሳል። በስልክ ነገርኳት።

«እና ሆዴን ቢያመኝስ?» አለችኝ።

«እንቀራለን፣ እትዬ።»

«ገንዘቡስ?»

«የሚበዛው ይመለሳል።»

ትንሽ ዝም አለች። «እንዲያ ከሆነማ እነግርሻለሁ» አለችኝ።